ከሽንት ቤት የመጣ እሳት

ሴትዮዋን ሰው ሁሉ «እማማ በረኪና» ይላቸው ነበር። ስሙን ያወጡላቸው አብረዋቸው የሠሩ የሆስፒታል ልብስ አጣቢዎች ናቸው። ዕድሜያቸውን የፈጁት የታማሚ አንሶላ ሲያጥቡ ነው። ደም የነካው፣ መግል የነካው፣ ስሙን መጥራት አፍ የሚያበላሽ ነገር ሁሉ የነካው አንሶላ በእጃቸው ይገባል፤ ከእጃቸው ሲወጣ ግን ጥጥ ነው። «በረኪና ያልገደለውን ፈጣሪ ይግደለው» ይሉ ነበር። ጣቶቻቸው በበረኪና ተልጠው አሻራቸው ከጠፋ ቆይቷል። አፍንጫቸው ግን ጤነኛ ነው፤ ጤነኛ ብቻም አይደለም፣ የአዳኝ ውሻ አፍንጫ ነው። ገና ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሆነው፣ ቁስሉ ያመረቀዘበት ሰው የትኛው ክፍል እንደተኛ ያውቁ ነበር።

እንዲህ ያለ አፍንጫ ለተሰጠው ሰው ኑሮ ቀላል አይደለም፣ ልጆቼ። ሌላው ሰው በአጠገቡ አልፎ የሚሄደውን ነገር እሱ ተሸክሞት ይውላል። እማማ በረኪናም ይህን ዓለም የቻሉት በአንድ ሕግ ነው፤ የወጣ ቆሻሻ አይመለስም። ምግብ በፊት በር ይገባል፣ ቆሻሻ በኋላ በር ይወጣል፣ ሁለቱ መንገድ ላይ ሰላም አይባባሉም። በቃ።

ጡረታ ሲወጡ፣ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ የሚኖሩባት ክፍል ለሌላ ሠራተኛ ተሰጠች። ባላቸው ከሞተ ብዙ ጊዜው ነው። ያለቻቸው አንዲት ልጅ ናት፤ ልብስ ሰፊ ናት፣ ቤቷ ውስጥ በመኪና የምትሰፋ። «ጠቅልለሽ ነይ እማዬ» አለቻቸው። ጠቅልለው ሄዱ። ሌላ የሚሄዱበት ቤት አልነበራቸውም፤ እሳቸውም ያውቁታል፣ ልጃቸውም ታውቀዋለች።

የልጂቱ ባል ብየዳ ሠራተኛ ነው። ሰፈሩ «ብየዳው» ብሎ ይጠራዋል። ሲበይድ እንጂ ሲናገር የማይፈጥን፣ ዓይኑ በእሳት ብልጭታ የቀላ፣ ደግ ሰው ነው። ያን ቀን ዕቃቸውን በጋሪ አምጥቶ ካስገባ በኋላ፣ ልጂቱ ለእናቷ ሻይ ጣደች። እማማ በረኪና ኩሽናው በር ላይ ቆመው ምድጃውን አዩት። ሰማያዊ እሳት፣ ክብ ሆኖ፣ እንደ አበባ።

«እንዴት ያለ ንጹሕ እሳት ነው!» አሉ። «ጭስ የለው፣ ጥላሸት የለው። ድስቱ ቂጥ እንኳ አልጠቆረም። እሰይ የኔ ልጅ፣ ለደረትሽ ጥሩ ነው።»

የልጂቱ ደረት ደካማ ነው። ከሰል የተያያዘበት ክፍል ውስጥ ጥቂት ከቆየች ትንፋሿ እንደ ተቀደደ ወናፍ ያፏጫል።

ሻዩን ጠጡት። ጣፋጭ ነበር። ብርጭቆውን ጨልጠው ካስቀመጡ በኋላ፣ እግዜር ይስጥልኝ ብለው፣ ለጨዋታ ያህል ጠየቁ፦

«ጋዙን ከየት ነው የምትገዙት?»

«አንገዛም እማማ» አለ ብየዳው። ይህን ጥያቄ ከጠዋት ጀምሮ ሲጠብቅ እንደነበር ፊቱ ያሳብቃል። «እኛው ነን የምንሠራው።»

«ከምን?»

«ይምጡ ላሳይዎ።»

ልጂቱ «ቆይ፣ ዛሬ ይቅር፣ ትረፍ እንጂ» ብላ ባሏን በክርኗ ጎሸመችው። እሱ ግን የሠራውን ነገር ለማሳየት የቸኮለ ሰው ነው፤ እንደዚህ ያለውን ሰው በክርን ቀርቶ በመዶሻም አታስቆሙትም። ጓሮ ወሰዳቸው። ጥግ ላይ ሽንት ቤቱ አለ፤ ከሽንት ቤቱ ኋላ መሬቱ ላይ የሲሚንቶ ክዳን፣ ከክዳኑ ላይ አንድ ቀጭን ቱቦ ተነስቶ፣ በግድግዳው ታክኮ ኩሽና ይገባል። በአጥሩ በኩል የጎረቤት ላሞች ሽታ ይመጣል።

«ይኸውልዎ» አለ። «የሽንት ቤቱ መውረጃ በዚህ ይገባል። በዚህ ደግሞ የጎረቤታችን የላሞቹ እበት። ታች ዝግ ነው፣ አየር አያገኘውም። ውስጡ በዓይን የማይታዩ ነፍሳት አሉ፤ ያንን እየበሉ፣ እያብላሉ፣ ጋዝ ይተነፍሳሉ። ጋዙ ወደ ላይ ይወጣል፣ በዚች ቱቦ አድርጎ...»

«ቆይ» አሉ እማማ በረኪና። «ቆይ፣ ቆይ። የሽንት ቤቱ መውረጃ አልክ?»

«አዎ።»

«የእናንተ ሽንት ቤት?»

«ከዛሬ ጀምሮ እንግዲህ የእርስዎም ነው» አለ ብየዳው በደስታ።

ሴትዮዋ ቱቦውን በዓይናቸው ተከተሉት። ከክዳኑ ተነሱ፣ በግድግዳው ሄዱ፣ በመስኮቱ ገቡ፣ ምድጃው ላይ ደረሱ፣ ከምድጃው ወደ ማንቆርቆሪያው፣ ከማንቆርቆሪያው ወደ ብርጭቆው። ከብርጭቆው በኋላ የት እንደሄደ ለመናገር ጊዜ አላገኙም። አጥሩን በአንድ እጃቸው ይዘው ያንን ጣፋጭ ሻይ እስከ መጨረሻዋ ጠብታ መለሱት።

ብየዳው ደነገጠ፤ ውሃ በጣሳ አመጣ። ሊያጽናናቸው ብሎ የባሰውን ተናገረ። «እማማ፣ ሁሉም አንድ ነው እኮ። እንጨት ውስጥ ጉልበት ታስሮ ተቀምጧል፣ ሲነድ ይፈታል። ዳቦ ውስጥም ታስሮ ተቀምጧል፣ ሆዳችን ይፈታዋል። ግን ሁሉንም አይፈታውም፤ የተረፈው ይወጣል። እኔ ያንን የተረፈውን ነው የምፈታው። እኔ ራሴ ስበይድ ካርባይድ የሚባል ድንጋይ ውሃ ውስጥ ጥዬ፣ ከእሱ በሚወጣው ጋዝ አይደል ብረት የማቀልጠው? ምን ልዩነት አለው?»

«ድንጋዩ» አሉ እማማ በረኪና አፋቸውን እየጠረጉ፣ «ከሰው አልወጣም!»

ከዚያን ቀን ወዲያ ከዚያች ምድጃ የወረደ ነገር በአፋቸው አልዞረም። ገበታ ሲቀርብ አንድ ቀን «ሆዴን ነፍቶኛል» ይላሉ፣ አንድ ቀን «ቅድም በልቻለሁ»። ከዳቦ ቤት ደረቅ ዳቦ ያስገዛሉ፣ ሙዝ ይልጣሉ፣ ለውዝ ይቆረጥማሉ። ልጂቱ መጀመሪያ ለመነቻቸው፣ ኋላ አኮረፈች። እናት ከልጇ ማዕድ ካልቀመሰች ሰው ምን ይላል? ያሉትንም አሉ። ልብስ ሊያስለኩ የመጡ ሴቶች ዓይናቸውን በለውዙ ልጣጭ ላይ አሳርፈው «እናትሽ አኩርፈዋል እንዴ?» ይሏታል።

አንድ ከሰዓት፣ ልጂቱ መርፌውን አቁማ ዞረችና፦

«እስከ መቼ ነው እማዬ? ዕድሜሽን ሁሉ ሙዝ ልትበይ ነው?»

«ሙዝ ምን አለው?»

«ፊትሽ ገርጥቷል። ቀሚስሽን ሁለቴ አጠበብኩልሽ። እዚህ መኖር ካቃተሽ ንገሪኝ። ግን እዚህ ከኖርሽ እንደ ሰው ትበያለሽ፤ እኔ እናቴን አስርቤ ለሰው ሠርግ ልብስ አልሰፋም።»

እማማ በረኪና የለውዙን ልጣጭ በመዳፋቸው ሰበሰቡ። ምን ይበሉ? ልጃቸው እውነቷን ነው። እሳቸውም እውነታቸውን ነው። ድስት ሲከደን፣ ክዳኑ ሲነሳ፣ እንፋሎቱ ሽው ሲል፣ ሌላው ሰው ሽንኩርት ይሸተዋል፤ እሳቸውን የሚሸታቸው ያ ጓሮ ነው። እውነት ይሽተት፣ በሐሳባቸው ይሽተት እንጃ፤ ጉሮሯቸው ግን አይለይም፣ ይዘጋል።

ታዲያ እጃቸውን አጣጥፈው አልተቀመጡም። ሥራቸውን ያውቃሉ። ማልደው ይነሱና ሽንት ቤቱን ያጥባሉ። እንዲህ ነው የሚያጥቡት፤ ወለሉን፣ ግድግዳውን፣ ቀዳዳውን በበረኪና ይፈትጉታል፣ የቀረውን በባሊ ሙሉ በቀዳዳው ይለቁበታል። ሽንት ባለበት ላይ በረኪና ሲደፋ የሚወጣውን ታውቁት ይሆናል። ዓይን የሚያቃጥል፣ ጉሮሮ የሚያንቅ ጢስ ነው። እማማ በረኪና እያሳሉ ወጥተው፣ ዓይናቸውን ጠርገው፣ ትንሽ ተንፍሰው፣ ተመልሰው ይገቡና ይደግሙታል። ማሳሉ የቆሻሻው ክፋት ይመስላቸው ነበር። «ተናደደ» ይላሉ ለራሳቸው። በሐሳባቸው ክፉ ነገር የለም። ያ ነገር ወደ ኩሽና መምጣቱ ካልቀረ፣ ቢያንስ ሞቶ ይምጣ ነው።

ልጂቱና ባሏም ሽንት ቤቱ በማብረቅረቁ ደስ ብሏቸው ነበር። «እናትሽ መጡልንና ንጉሥ የሚቀመጥበት ሆነ» ይላል ብየዳው።

እሳቱ ግን መድከም ጀመረ። መጀመሪያ ሰማያዊው ሳሳ፤ ኋላ ቢጫ ሆኖ ተንቀጠቀጠ፤ አንድ ጠዋት ልጂቱ ክብሪት ለኩሳ ብታስጠጋ፣ ክብሪቱ ጣቷን ለበለባት እንጂ ምድጃው አልያዘም።

ብየዳው ቱቦው የተቀደደ መሰለው። ሳሙና በጥብጦ መጋጠሚያውን ሁሉ ቀባ፤ ጋዝ የሚያመልጥበት ቢኖር አረፋው ይነፋ ነበር። አንዲትም አረፋ አልተነፋችም። ክዳኑን ከፈተ። ወትሮ ታች ያለው ጥቁር አጥሚት እንደ ተጣደ ድስት ቡልቅ ቡልቅ ይላል። አሁን ረጭ ብሏል። ግራጫ ቆዳ የመሰለ ነገር ጋርዶታል፣ ሽታውም ሌላ ነው። አንገቱን እየነቀነቀ ዘጋው።

እናም ከሰል ተገዛ።

እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገሩ። ከሰሉ በተያያዘበት ቀን ልጂቱ የድንች ሾርባ ሠራች። እማማ በረኪና መጥተው ገበታው ላይ ተቀመጡ። ሳይጠሩ። ማንኪያ አነሱ። አንድ ሳህን ጠጡ፣ ሌላ ጨመሩ፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረጉት። ልጃቸው አፏን በእጇ ይዛ ታያቸዋለች፣ ዓይኗ እንባ አቅርሯል። «ብዪ እማዬ፣ ብዪ» ትላለች፤ በመሃል ታስላለች። «ብዪ» ትላለች፣ ታስላለች። በማግስቱም ሩዝ በሉ፣ እንቁላል በሉ። ጉንጫቸው ላይ ደም መጣ። ልጂቱ ደግሞ ስፌቱን እያቋረጠች ግንባሯን መኪናው ላይ ታስደግፋለች፤ ትንፋሿ ከመኪናው ድምፅ በላይ ያፏጫል። «ትንሽ ነው፣ ይለቀኛል» ትላለች። እናትየው በልተው ስለጠገቡላት መሳሏን እንደ ትንሽ ነገር ቆጠረችው።

እማማ በረኪና ጓሮ ወጥተው ብየዳውን ክዳኑ አጠገብ ቁጭ ብሎ አገኙት።

«ምን ሆነ ብለህ ታስባለህ?» አሉት።

«ሞቷል እማማ።»

«ምኑ?»

«ውስጡ ያለው ነዋ። እርሾ ማለት ነው እኮ። እርሾ ላይ የፈላ ውሃ ቢደፉበት ሊጥ ይነሳል? ያብላላ የነበረው ነገር ሞተ፤ አሁን ዝም ብሎ ቆሻሻ ነው። የሆነ ነገር ገድሎታል።»

እማማ በረኪና እጃቸውን ቀሚሳቸው ላይ ጠረጉ። ንጹሕ ነበር፣ እንደገና ጠረጉት። በዚህ ዓለም ላይ በዓይን የማይታየውን ምን እንደሚገድለው ከእሳቸው የተሻለ የሚያውቅ በዚያ ሰፈር አልነበረም። ስማቸው ሆኖ ኖሯል። ያቺን ሰዓት አወቁት፣ ማንም ሳይነግራቸው። ከንፈራቸውን ከፈቱ።

ከኩሽናው የእንቁላል ሽታ መጣ። በከሰል የተጠበሰ፣ ንጹሕ እንቁላል።

ከንፈራቸውን ዘጉና ገብተው በሉ።

በማግስቱ ከአጥሩ በኩል ጩኸት ሰሙ። ብየዳው ጎረቤቱን፣ የላሞቹን ባለቤት፣ ይዞታል።

«ላሞችህን መድኃኒት ወግተሃቸዋል!» ይላል።

«ምን መድኃኒት?»

«እኔ ምን አውቃለሁ! እበታቸው ጉድጓዴን ገደለው። የተወጋች ላም እበት እንደማይሆን ነግሬህ አልነበረም?»

«ስማ አንተ ብረት ለጣፊ! ከአንተ ጤና የላሞቼ ይሻላል! በነጻ እበት ስሰጥህ ከርሜ? ሰው እበት ሲሰጡት ያመሰግናል፣ አንተ ትከሰኛለህ!»

«እበት ምን ያስመሰግናል?»

«እንግዲያው ከዛሬ ጀምሮ አታገኝም! ራስህ ሣር ብላና አምርት!»

ልጂቱ ለመገላገል ወጥታ ነበር፤ «ተዉ፣ በናታችሁ» ብላ ሳትጨርስ ሳሉ ያዛት። አጥሩን ተደግፋ ጎንበስ አለች። ከንፈሯ ጠቆረ። ሁለቱም ወንዶች ጩኸታቸውን ረሱት።

እማማ በረኪና እንደ ግንድ ቆመው ነበር። ኋላ ሄደው ልጃቸውን ጀርባዋን ያዟት።

«ሰውየውን ተወው» አሉ ለአማቻቸው። «ላሞቹ ምንም አላደረጉም። እኔ ነኝ።»

«ምን እርስዎ ነዎት?»

«በረኪናው። በየማለዳው በባሊ ስደፋበት ነበር።»

መጀመሪያ ድምፅ ያሰማው የላሞቹ ባለቤት ነው፤ ሳቁ እንደ ማስነጠስ አመለጠው። «እማማ በረኪና! ስምዎን ያወጣው ሰውማ ነቢይ ነው!» ማንም አብሮት ስላልሳቀ አንገቱን ከአጥሩ በታች አወረደ።

ልጂቱ ቀና አለች። ትንፋሿ እስኪመለስ ጠበቀች፤ ስትናገር ድምፅዋ ዝቅ ያለ ነበር። ብትጮህ ይሻል ነበር የሚያሰኝ ድምፅ።

«መቼ ነው ያወቅሽው?»

«ትናንት። እርሾ ነው ሲል።»

«ትናንት ከሰዓት?»

«አዎ።»

«ከዚያ ገብተሽ እንቁላል በላሽ።»

«በላሁ።»

«እኔ ስስል እየሰማሽ።»

«እየሰማሁ።»

«ለምን እማዬ?»

እማማ በረኪና ብዙ መልስ ሊሰጡ ይችሉ ነበር። ሰው ሲጨንቀው መልስ አያጣም። እሳቸው ግን ያላቸውን ብቻ ተናገሩ።

«ርቦኝ ነበር» አሉ።

ልጂቱ ፊቷን አዙራ ወደ ቤት ገባች። ብየዳው መሬት መሬቱን አየ። «ጥፋቱ የኔም ነው፣ በረኪና አይደፋበትም ማለት ነበረብኝ» አለ። ግን ማን ያስበዋል? ቤት የሚያጸዱ እናት ይዞ ማን «አያጽዱ» ይላል?

ከአጥሩ ጀርባ የላሞቹ ባለቤት አንገቱን እንደገና አወጣ። «እበት ብቻ አያስነሳውም» አለ፣ አሁን በቀስታ። «ግማሹን ቅዳና አውጣ፣ በውሃ አቅጥን። ከዚያ ከቄራ ትኩስ ፈርስ አምጣ። የታረደ በሬ ጨጓራ ውስጥ ያለውን። እርሾው እዚያ ነው ያለው። እበቱን እኔ እሰጣለሁ፤ ተቆጥቼ ነው እንጂ እበት ይዤ ምን እሠራለሁ?»

«ነገ ያልቃል ያልኩት የብረት በር አለብኝ» አለ ብየዳው። «እሁድ...»

«እኔ እሠራዋለሁ» አሉ እማማ በረኪና።

«ኧረ እርስዎ አይችሉትም እማማ!»

«ማን ይችለዋል? እሷ በዚያ ደረቷ? የገደለ ነው የሚያስነሳ።»

መቅዳቱን አልነግራችሁም ብል ደስ ይለኝ ነበር፤ ግን ተሠርቷል፣ ይነገራል። እማማ በረኪና አፍንጫቸውን በሎሚ በራሰ ጨርቅ አስረው፣ በረጅም እንጨት የታሰረ ጣሳ ይዘው፣ ያንን ግራጫ ነገር እየቀዱ ብየዳው ጎን ወደ ቆፈረላቸው ሌላ ጉድጓድ ደፉት። ከጣሳው ላይ ይንጠባጠባል። እንደ ንፍጥ ተንጠልጥሎ ይረዝማል፣ ሳይበጠስ። ጫማቸው ላይ አረፈ። ሎሚው ምንም አላዳነም፤ እንዲያውም ከዚያን ቀን ወዲያ ሎሚ ጠሉ። ሲቀዱ ያስመልሳቸዋል፣ አስመልሷቸው ይቀዳሉ።

ቄራው ደግሞ ሌላ ነው። ሠራተኛው፣ እስከ ብብቱ የሚደርስ ጎማ የለበሰ ሰው፣ የበሬውን ጨጓራ መሬት ላይ በቢላ ሰነጠቀላቸው። ጨጓራው ፊስስ ብሎ ተነፈሰ፤ ትንፋሹ ፊታቸው ላይ አረፈ፣ ሙቅና እርጥብ፣ ያኘከ አፍ እንደተነፈሰባቸው። አረንጓዴው ወጣ። ይጨሳል። «እናቴ፣ ለምንዎ ነው?» አለ ሰውየው። «ለእሳት» አሉት። ሰውየው ትንሽ አያቸውና ከዚያ በኋላ አልጠየቀም።

ባሊውን እስከ አፉ ሞልተው፣ ከድነው፣ በጋሪ ሳይዘገዩ አመጡት፤ ቢቀዘቅዝ ይሞታል ተብለዋል። ጓሮ ደርሰው በጎማ ጓንት ሊያሹት ሞከሩ። ጓጉሏል፣ ድቡልቡል ሆኗል፣ እንደዚያው ቢገባ አይበጠበጥም። ጓንቱ ጓሉን ከፈሳሹ አይለይም። አወለቁት። ያቺ አሻራዋ የጠፋ፣ አንሶላ ሁሉ ነጭ ያደረገች እጅ፣ እስከ ክርኗ ገባች።

ሙቅ ነው። እሱን ነው ከሁሉ የጠሉት። ቀዝቃዛ ቢሆን ቆሻሻ ነው ይሉ ነበር። ይህ ግን እንደ ተኛ ሕፃን ሆድ ይሞቃል፤ በጣቶቻቸው መሃል ትንንሽ አረፋ እየፈነዳ፣ ሳይነኩት በራሱ ይንቀሳቀሳል። «ሥራህን ሥራ» አሉት በጥርሳቸው መሃል፣ «ሥራህን ሥራ እንጂ አትንካኝ።» እሳቸው ናቸው እንግዲህ እሱን የያዙት፤ ግን እንደዚያ ነበር ያሉት። ጓሉን አንድ በአንድ በመዳፋቸው አደቀቁት፣ ከእበቱ ጋር ለወሱት፣ በለብታ ውሃ አቀጥነው በመግቢያው አወረዱት። ከዚያ አጥሩ ሥር ተቀምጠው ለረጅም ጊዜ እጃቸውን ከሰውነታቸው አርቀው ያዙት፣ የሌላ ሰው ይመስል።

ልጂቱ በመስኮቱ ታያቸው ነበር። ሙቅ ውሃና ሳሙና ይዛ ወጣች። እጃቸውን ይዛ አጠበችው፣ ጥፍራቸው ውስጥ ሳይቀር።

«በረኪና ጨምሪበት» አሉ እናትየው።

«ውሃው የት እንደሚሄድ ረሳሽው?» አለች ልጂቱ። ከዚያ ነው ለመጀመሪያ ጊዜ ከንፈሯ ጫፍ ፈገግ ያለው።

ጊዜ ወሰደ። እማማ በረኪና በየቀኑ ትንሽ እበት ይሰጡታል፣ በእንጨት ያማስሉታል፣ ይሰድቡታል። የእሳቸው ምግብ ዳቦና ሙዝ ሆኖ ሰነበተ፤ ከሰሉን ራሳቸው አስቀርተውታል፣ የልጃቸውን ምግብ ጎረቤት ምድጃ ላይ ሄደው አብስለው ያመጣሉ፤ እሳቸው ከዚያ አይቀምሱም። «ያ በከሰል ነው፣ ንጹሕ ነው፣ ብዪ እንጂ» ብትላቸው ልጂቱ፣ «አልበላም» ይላሉ፣ ምክንያቱን አይናገሩም። መጀመሪያ የመጣው ጋዝ አልነደደም፤ ክብሪቱን እፍ ብሎ አጠፋው። ቀጥሎ የመጣው ነደደ፣ ግን የተበላሸ እንቁላል ሽታው ቤቱን ሞላው። ብየዳው ከሥራ ቦታው የብረት ብናኝ በጣሳ አምጥቶ ቱቦው መሃል ከተተበት። «ብረቱ ሽታውን ይበላል፣ እሱ ይዝጋል» አለ። እማማ በረኪና ለብረቱ አዘኑለት።

ኋላ አንድ ቀን ቀትር ላይ ምድጃው ያዘ። ሰማያዊ። ልጂቱ የድንች ሾርባ ጣደች፤ ሳታስል አማሰለች፣ ሳታስል አወጣች። ሦስት ሳህን አቀረበችና ቁጭ አለች። ብዪም አላለቻቸው፣ አትብዪም አላለቻቸው። ብየዳው ዳቦውን እንደ ብረት አጥብቆ ይዞ ሳህኑን ብቻ ያያል።

እማማ በረኪና ማንኪያ አነሱ። እንፋሎቱ መጣባቸው። ድንች ነው፤ ድንች እንደሆነ ያውቃሉ፤ ከድንቹ ሥር ግን ያ ሁሉ አለ። የተንጠለጠለው ንፍጥ፣ የተነፈሰው ጨጓራ፣ መዳፋቸው ውስጥ የፈነዳው አረፋ። ዓይናቸውን ጨፍነው አንድ ማንኪያ አገቡ። አፋቸው ውስጥ ዞረ፣ ዞረ። ተነሱና ጓሮ ሮጡ። ቱፍ ሲሉ ቤት ድረስ ተሰማ።

ልጂቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። ወደ በሩ አላየችም።

እማማ በረኪና ተመለሱ። ፊታቸው በውሃ ርሷል። ተቀመጡ፣ ማንኪያቸውን አነሱ።

«ተዪው እማዬ» አለች ልጂቱ። «ዳቦ አለ።»

«ዝም በዪ።»

«አይደለም፣ አልቆጣም፣ የምሬን ነው...»

«ሰው ሲበላ አይታይም አላልኩሽም ልጅ ሆነሽ? ወደ ሳህንሽ እዪ! አንተም!»

ሁለቱም ወደ ሳህናቸው አዩ። ሁለተኛውን ማንኪያ ጎረሱ፤ ጠረጴዛውን በአንድ እጃቸው ጨምድደው ይዘው፣ አንገታቸው ላይ ያለው ጅማት ተገትሮ፣ ዋጡት። ወረደ። እስኪረጋ ጠበቁት።

«ይገማል» አሉ።

«ይገማል እማማ» አለ ብየዳው ሳይከራከር።

ሦስተኛውን ሲጎርሱ ዓይናቸውን አልጨፈኑም።